አሥራ ሁለተኛው ክንፍ

«ነካች!» አለ ኮድሪን በሹክሹክታ። «ኢሊ፣ ጣሪያውን ነካች እኮ!»

ኢሊንካ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከራሷ በላይ ሃምሳ ሜትር ላይ፣ ነጭና ግራጫ መስመር በተፈራረቀበት የጨው ጣሪያ ሥር፣ ትንሿ ሞዴል አውሮፕላኗ መውጫ እንዳጣች የእሳት ራት ትታከካለች። ክብደቷ ላስቲኳን ጨምሮ ከሁለት ዘቢብ ፍሬ አይበልጥም። ውልብልቢቷ ጨዉን ጫር ጫር ሲያደርግ ድምፁ እታች ድረስ አይሰማም፤ ኢሊንካ ግን እያንዳንዱን ጭረት ጥርሷ ላይ ሰማችው።

ከተሰቀለች አለቀላት። ባለፈው ዓመት የአንድ ቡልጋሪያዊ ልጅ አውሮፕላን እንዲሁ ጣሪያው ላይ ተሰክታ ቀርታለች፤ በባትሪ የሚፈልጋት ሰው ዛሬም ክንፏን ያየዋል።

«ውረጂ» አለች ኢሊንካ በሆዷ። «ውረጂልኝ፣ እባክሽ።»

አውሮፕላኗ ተንገዳገደች፣ አፍንጫዋን ደፋች፣ ስድስት ሜትር ያህል ቁልቁል ከወደቀች በኋላ ክንፏን አስተካክላ መዞሯን ቀጠለች። ያ ሁሉ ከፍታ ግን በከንቱ ባክኗል። በመጨረሻ ወለሉን ስትነካ ሁለቱ ሰዓት ያዦች ሰዓታቸውን አስተያዩና አንደኛው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሃያ አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።

አልበቃም።

በስላኒክ የጨው ማዕድን አዳራሽ ውስጥ ማንም አይሮጥም። ማንም በሩን በርግዶ አይገባም። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ኮፍያውን አውልቆ አፉ ላይ ያፍናል። ከመሬት በታች ሁለት መቶ ሜትር ላይ፣ ክረምት ከበጋ በማይለወጠው ብርድ ውስጥ፣ አየሩ እንደ ኩሬ ውሃ ረግቶ ተኝቷል። በተጠመዘዘ ላስቲክ ብቻ፣ ከሰው እርምጃ ቀስ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ኢሊንካ የተወለደችው ከዚህ አዳራሽ በላይ ባለችው ከተማ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ቀስ ብሎ መራመድ ተምራለች፤ አሁን አሥራ አራት ሊሞላት ነው።

ለዓለም ሻምፒዮና የሚመረጠው የታዳጊዎች ቡድን ሦስት ልጆች ይይዛል። ሁለቱ ታውቀዋል። ለሦስተኛው ቦታ የቀሩት ኢሊንካና ከክሉጅ ከተማ የመጣው ዳሪየስ ናቸው። ከስድስት በረራ ሁለቱ ምርጦች ይደመራሉ፤ ዳሪየስ ስድስቱንም ጨርሶ አርባ አምስት ደቂቃ ተኩል ይዟል። ኢሊንካ ከሁለተኛው በረራዋ ሃያ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አላት። አሁን የቀራት አንድ በረራ ነው። ከሃያ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ በላይ ካልቆየች፣ ሻምፒዮናውን የምታየው ከገመዱ ውጪ፣ ከጎብኚዎች ጋር ቆማ ነው። ሻምፒዮናው ደግሞ የሚካሄደው ሚያዝያ ላይ ነው፤ እዚሁ፣ በገዛ አዳራሿ።

ዳሪየስ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየገመጠ በአጠገባቸው አለፈ። «ጣሪያውን ልታድሺው ነው እንዴ፣ ኢሊንካ?»

«ዝም ብለህ ዳቦህን ዋጥ» አለ ኮድሪን። «ፍርፋሪህ ነፋስ ያስነሳል።»

ወይዘሮ ሰቬሪና በግራጫ የሱፍ ኮፍያቸው በዝግታ ወደ እነሱ መጡ። ጡረታ እስኪወጡ የፊዚክስ መምህርት ነበሩ፤ የክለቡ ልጆች ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። ክለቡን ያቋቋሙት ባለቤታቸው ጋሽ ቲቤሪዩ ነበሩ። ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ቲቸር በቀብሩ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ክለቡን እንደ ወትሮው በአሥር ሰዓት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

ጋሽ ቲቤሪዩ ለክንፍ መሥሪያ የቀረጹት እንጨት ክለቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ሁሉ ክንፋቸውን የሚያወጡት ከእሱ ነው። ማስታወሻ ደብተራቸው ደግሞ ከቲቸር ኪስ አይወጣም። ላስቲኩ ስንት ዙር እንደሚጠመዘዝ፣ ከዚያ አውሮፕላኗ ጣሪያ እንዳትመታ ከመለቀቋ በፊት ስንት ዙር ተመልሶ እንደሚፈታ፣ ሁሉም በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። በዚያ ደብተር የበረረ አውሮፕላን ጣሪያ ነክቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ።

«ስልሳ ዙር ፈታሽ አይደል?» አሉ ቲቸር።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ስልሳ። እኔም ቆጥሬያለሁ።» ደብተሩን አውጥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ላስቲኩ ያው ነው። ክንፉ ያው ነው። ምን ሆና ነው ታዲያ እንደዚያ የወጣችው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዓይኔ ነው መሰለኝ፤ አንዱን መስመር ከሌላው አምታትቼ አንብቤ ይሆናል። ይቅርታ፣ ልጄ።»

ኢሊንካ ዓይኗን ወደ ክንፉ ጣለች። ቲቸር መብራቱ ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄዱ።

ክንፉ ያው አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በኮድሪን እናት ወጥ ቤት ነው፤ መስከረም መጨረሻ፣ የበቆሎ ገንፎ ድስት ላይ። ኢሊንካ አንድ ስብርባሪ ክንፍ ይዛ ከእንፋሎቱ በላይ ቀስ አድርጋ ስታሳልፈው፣ እንፋሎቱ በክንፉ መሃል ለስለስ ብሎ አለፈ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ጥቅልል ፀጉር ተጠቀለለ። ደጋግማ አሳለፈችው። ከክንፉ ሥር ያለው አየር በጫፉ በኩል ሾልኮ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ያ ጥቅልል ደግሞ ክንፉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቲቸር ይህን ሰሌዳ ላይ ሥለው አስተምረዋቸው ነበር። ኢሊንካ በዓይኗ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ጫፉ እንደ ቅጠል ቀስ በቀስ እየጠበበ ቢሄድ የሚያመልጠው አየር ያንሳል። የሚጎትታት ነገር ካነሰ ደግሞ ያችው ላስቲክ አውሮፕላኗን ረዘም ላለ ጊዜ አየር ላይ ታቆያታለች።

ገንፎው አረረ። የኮድሪን እናት ሁለቱንም በማማሰያ አባረሯቸው።

ጥቅምት ላይ ኢሊንካ ድፍረቷን ሰብስባ ጠየቀች። «ቲቸር፣ የክንፉን ጫፍ ትንሽ ባጠብበውስ?» ቲቸር ግድግዳው ላይ ወዳለው እንጨት ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ክንፉ ይሄ ነው፣ ልጄ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ስለዚህ ኢሊንካ በረዷማውን ክረምት ሙሉ ኮድሪን ቤት ቆጥ ላይ ተደብቃ የራሷን እንጨት ቀረጸች፤ ባልሳ የተባለውን ቀላል እንጨት እንደ ክር አቅጥና ሰንጥቃ፣ ከሳሙና አረፋ የሳሳ ሽፋን አልብሳ፣ የራሷን ክንፍ ሠራች። ለመጠባበቂያ ብላ በሣጥን ይዛው መጣች። ልታበረው አላሰበችም ነበር።

ዛሬ አራተኛው በረራ ላይ አሮጌው ክንፍ ግድግዳ መትቶ ተሰበረ። አዲሱን ስትገጥም ቲቸር ከኋላዋ ደረሱ። «የምን ክንፍ ነው?» አሉ። ኮድሪን ሳይጠየቅ ቀደማት። «ያው የጋሽ ቲቤሪዩ ነው፣ ቲቸር! ሽፋኑ ብቻ ነው አዲስ።» በዚህ አዳራሽ የሌላውን ሰው ክንፍ መንካት ነውር ስለሆነ ቲቸር ቀረብ ብለው አላዩትም። ኢሊንካም ዝም አለች።

አሁን ሁለቱ ልጆች ከጠረጴዛው ጀርባ ተንበርክከዋል። የመጨረሻው በረራ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

«ስሚ» አለ ኮድሪን። «ምንም መናገር አያስፈልግም። ልትለቂያት ስትይ ጀርባሽን ስጫቸውና ሌላ አርባ ዙር በድብቅ ፍቺ። ጣሪያ አትደርስም። አለቀ ደቀቀ።»

«ካዩኝስ?»

«አያዩሽም። እኔ አስነጥሳለሁ።»

«እዚህ ውስጥ? ይገድሉሃል።»

«ለጓደኛ ሲባል!»

ኢሊንካ ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ግን ለምን ዋሸህ?»

«አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ቆመሽ እያየሁሽ ምን ላድርግ? አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ነበረበት።» ኮድሪን ድምፁን ቀነሰ። «ደግሞ አስቢው። ብትነግሪያቸውና 'የተሰበረውን በሙጫ ጠግነሽ ብረሪ' ቢሉሽስ? በእሱ አሥራ ስምንት ደቂቃም አታመጪም። ዳሪየስ ሚያዝያ ላይ የቡድኑን ሹራብ ለብሶ እዚህ ሲንጎራደድ፣ አንቺ በር ላይ ትኬት ትቆርጫለሽ።»

እውነቱን ነው። ኢሊንካ አውሮፕላኗን አየቻት። አርባ ዙር። ማንም አያውቅም። ቁጥሩ እንኳ ልክ ነው፤ ራሷም ያሰላችው ያንኑ ነበር።

ቀና ስትል ቲቸርን አየቻቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። በእጃቸው እርሳስ አለ።

በዚያ ደብተር ላይ ቲቸር አንድ ፊደል ሲጽፉ አይታ አታውቅም። ገጹን ሲገልጡ እንኳ በጣታቸው ጫፍ ነው። እርሳሱ ወደ ወረቀቱ ወረደ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወረደ። በሰማያዊ የተጻፈው ስልሳ ላይ መስመር አሰመሩበት፤ ቀጭን፣ የምትፈዝ መስመር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። መልሰው አደረጉና ቁጥሩን ደግመው አዩት።

ኢሊንካ ተነሳች።

«የት ነው?» አለ ኮድሪን። «ኢሊ! የት ነው የምትሄጂው?»

ቀስ ብላ ተራመደች፤ እዚህ የሚኬደው እንደዚያ ነውና። መንገዱ ረጅም ሆነባት።

«ቲቸር፣ ቁጥሩ ልክ ነው።»

«ጣሪያ ነካሽ እኮ፣ ልጄ።»

«እርስዎ አልተሳሳቱም። ደብተሩም አልተሳሳተም። ክንፉ ነው ሌላ።» የጨው ጣዕም ከንፈሯ ላይ አለ። «የጋሽ ቲቤሪዩ ክንፍ አይደለም። እኔ የሠራሁት ነው። ኮድሪን ሲናገር ዝም አልኩ።»

«እኔም ቢሆን ሽፋኑ አዲስ ነው ስል አልዋሸሁም…» አለ ኮድሪን ከኋላዋ ደርሶ።

«ኮድሪን» አሉ ቲቸር።

«እሺ፣ ቲቸር።»

ቲቸር ተነስተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። እጃቸውን ወደ አውሮፕላኗ ዘረጉና አየር ላይ አቆሙት። «ልንካው?»

ኢሊንካ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ይህን ጥያቄ ትልቅ ሰው ሌላ ትልቅ ሰውን ሲጠይቅ እንጂ ለእሷ ሲቀርብላት ሰምታ አታውቅም።

ቲቸር ክንፉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መብራቱ አነሱት። ሽፋኑ እንደ ዘይት የፈሰሰበት ውሃ ቀለም ተፋ። የእያንዳንዱን የባልሳ አጥንት ጉብታ ከሥር አዩ። በግራና በቀኝ ወደ ሾሉት ጫፎች ሲደርሱ ቆሙ።

«በምን አወቅሽ?»

«በገንፎ እንፋሎት።»

የከንፈራቸው ጥግ ትንሽ ንቅንቅ አለ። «ጥቅምት ላይ ጠይቀሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔም መለስኩልሽ።»

«አዎ።»

ክንፉን ቀስ አድርገው መለሱት። «ቲቤሪዩ በየክረምቱ አዲስ ክንፍ ይሠራ ነበር» አሉ። የባለቤታቸውን ስም እንዲህ ለብቻው ሲጠሩት ኢሊንካ ሰምታ አታውቅም። «በየክረምቱ። አሮጌውን እንጨት አውርዶ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል፤ እኔ እጮህበታለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው አሥራ አንደኛው ነው።» ደብተሩን ዘጉ። «አሥራ አንደኛው ላይ ቀረ።»



ቲቸር ከቦርሳቸው የከረሜላ ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑን ሲከፍቱት እንዳይጣበቅ ዱቄት የተነሰነሰበት አንድ የላስቲክ ጥቅል ነበረበት፤ ኢሊንካ ከምታውቃቸው ሁሉ የቀጠነ። «ይህቺን ሰንጥቆ ሞከራት። አውሮፕላኗ አልወጣችም። 'ለዚህ ክንፍ ቀጥናለች' አለና አስቀመጣት። ለየትኛው እንደምትሆን አልጠየቅኩትም።» ጥቅሉን አነሱ። «ያንቺ ክንፍ ብዙ ካልተጎተተ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። ቀጭን ላስቲክ ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ የሚይዘው ዙር ግን ብዙ። ገባሽ?»

ገባት። ፀጉሯ ሥር ድረስ ገባት። «ስንት ዙር ነው የምንጠመዝዘው?»

«ደብተሩ ውስጥ የለም።»

«ስንትስ እንፈታለን?»

«ክንፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉ ቲቸር። «ንገሪኝ።»

ዳኛው ጥቅሏን መዘነ፤ ከተፈቀደው ክብደት አልበለጠችም። ሌላ የላትም። ብትበጠስ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቲቸር አንዱን ጫፍ በመንጠቆ ያዙ፣ ኢሊንካ ሌላውን መጠምዘዣው ላይ ሰክታ ወደ ኋላ እየሄደች ሳበችው። ጠመዘዘች። አንድ ሺህ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። የላስቲኩን ጉልበት የሚለካው መርፌ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ላይ ላስቲኩ ላይ ትንንሽ ቋጠሮዎች እንደ ዶቃ ተደረደሩ።

«ይበቃል?» አሉ።

«ሃምሳ ይጨምር።»

አንድ ሺህ አምስት መቶ። አልተበጠሰም። ከዚያ ኢሊንካ ወደ ኋላ መፍታት ጀመረች፤ ዙሩን ሳይሆን መርፌውን እያየች። ቅድም ጣሪያ ከነካችበት ጉልበት በአራት መስመር ዝቅ ሲል ቆመች። የቲቸር እርሳስ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ሞዴል አውሮፕላን እዚህ አይወረወርም። ኢሊንካ ጣቶቿን ከፈተች ብቻ፤ አውሮፕላኗ ከመዳፏ ላይ ራሷ ሄደች።

መጀመሪያ ላይ ምንም የምታደርግ አትመስልም ነበር። ውልብልቢቱ በዓይን በሚቆጠር ፍጥነት እየዞረ፣ ወደ ግራ ሰፊ ክብ ሠራች፤ ሌላም ክብ። የግራ ክንፏ ከቀኙ ረዘም ያለ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ስለምትዞር ውስጠኛው ክንፍ ቀስ ብሎ ይጓዛል፣ ያንን በርዝመቱ ይክሳል። ዳሪየስ ከገመዱ አጠገብ ቆሞ፣ «ይቺማ አትወጣም» አለ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ አሥር ሜትር። አሥረኛው ደቂቃ ላይ የመብራቶቹን ከፍታ አለፈች። ዳሪየስ ዳቦውን ኪሱ ከተተ።

ከጎብኚዎቹ መሃል አንዲት ሕፃን፣ «ሞተር አላት?» ስትል ተሰማ። እናቷ አፏን ያዙባት።

ከጣሪያው በታች አራት ሜትር ላይ መውጣቷን አቆመች። አልነካችም። እዚያው ተንሳፈፈች፤ ክብ፣ ሌላ ክብ፣ አየሩ ላይ የተዘረጋ የማይታይ ጠረጴዛ ያለ ይመስል። ኮድሪን የኢሊንካን እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ግን ክቡ ወደ ምሥራቅ ግድግዳ መንሸራተት ጀመረ። እያንዳንዱ ዙር አንድ ክንድ ያህል ወደ ጨዉ ያስጠጋታል። ሕጉ የአውሮፕላኗ ባለቤት ብቻ ወደ ላይ በሚንሳፈፍ ፊኛ ላይ በታሰረ ክር አቅጣጫዋን እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ ያውም ሳያነሳት፣ ሳይገፋት። ኢሊንካ ፊኛውን ለቀቀች። ክሩ በጣቶቿ መሃል ተተረተረ፤ ሠላሳ ሜትር፣ አርባ። ክንፉ ክሩን አጥብቆ ቢመታው ሽፋኑ ይቀደዳል።

«በጫፏ በኩል» አሉ ቲቸር ከጎኗ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «በጫፏ።»

ኢሊንካ ትንፋሿን ያዘች። አውሮፕላኗ መጣች፤ የሾለው ጫፍ ክሩን ደገፍ አለ፣ ክሩ ትንሽ ሳብ አደረጋት፣ አፍንጫዋ ወደ አዳራሹ መሃል ዞረ። ክሩን ቀስ ብላ ወደ ኋላ አሸሸችው። አውሮፕላኗ ምንም እንዳልሆነች ሄደች።

ከዚያ መውረድ ጀመረች፤ መውረዷ ራሱ የማያልቅ ነበር። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ገና ከመብራቶቹ በላይ ነበረች። ላስቲኩ ሲላላ የግራው ጫፍ በየዙሩ በትንሹ ዘንበል እንደሚል ኢሊንካ አስተዋለች፤ ያንን አእምሮዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሰዓት ያዡ እየደጋገመ ሰዓቱን ያያል።

«ሃያ ሁለት ከሃምሳ» አለ ኮድሪን፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሃምሳ አንድ! ኢሊ፣ ሃምሳ አንድ!»

አውሮፕላኗ ገና አሥራ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ነበረች።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ የለም፤ ጭብጨባ አየሩን ያናውጣል። ደስ ያለው ሰው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ላይ ያነሳል። መጀመሪያ ያነሳው ዳሪየስ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀይ ኮፍያውን አወለቀና ክንዱ እስኪዘረጋ ድረስ ወደ ላይ አነሳው። ከዚያ የቡካሬስት ልጆች፣ ዳኞቹ፣ የማዕድኑ ጠባቂዎች፣ ምኑም ያልገባቸው ጎብኚዎች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሱፍ ኮፍያ ጫካ በቀለ፤ በላዩ ላይ አውሮፕላኗ ክብ እየሠራች ወረደች፤ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፤ ማንም እጁን አላወረደም።

የቲቸር ግራጫ ኮፍያ ከሁሉም ዘግይቶ ተነሳ። ነጭ ፀጉራቸው በብርዱ ውስጥ ተበተነ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እሳቸውም ወደ ላይ ያዩ ነበር።

አውሮፕላኗ ወለሉን ስትነካ እንደ ላባ አንዴ ተንሸራተተችና ቆመች። ሃያ ስድስት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። አየር ላይ ሌላ አውሮፕላን አለመኖሩን ዳኛው ዞር ብሎ አረጋገጠ፤ ከዚያ ራሱ ቀድሞ ጮኸ። አዳራሹ ፈነዳ። ኮድሪን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ውስጥ ሮጠ፤ ኢሊንካን አንስቶ አሽከረከራት፣ እግሯ ጠረጴዛውን መታ፣ የከረሜላው ቆርቆሮ ተንኳኩቶ ወደቀ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ዳሪየስ ደርሶ። እጇን ጨበጠ። «ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ ጫፉን ምን አድርገሽው ነው?»

«ና፣ አሳይሃለሁ» አለች ኢሊንካ።

«እብድ ነሽ እንዴ?» አለ ኮድሪን።

ሕዝቡ ሲበተን ቲቸር ደብተሩንና ሰማያዊ እስክሪብቶ አመጡላት። «ጻፊ። ክንፉን፣ ላስቲኩን፣ ዙሩን፣ መርፌው የቆመበትን። በጥሩ ጽሕፈት።» ኢሊንካ ባዶ ገጽ ስትፈልግ የስልሳውን ገጽ አለፈችው። በእርሳስ የተሰመረችው መስመር ጠፍታለች። የላጲስ ብናኝ ብቻ በደብተሩ እጥፋት ውስጥ ቀርቷል።

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ክለቡ ሲከፈት፣ ከአሥራ አንደኛው እንጨት ጎን አዲስ ሚስማር ተመቶ ነበር። ማን እንደመታው ማንም አልጠየቀም። ሚስማሩ በትንሹ ጠሟል፤ መዶሻ ያልለመደ እጅ እንደመታው ያስታውቃል።

«በይ ስቀዪው!» አለ ኮድሪን ስልኩን አውጥቶ። «ቆይ፣ ፎቶ ላንሳሽ። ፈገግ በይ፣ ቀብር አይደለም።»

ኢሊንካ ቆጥ ላይ የቀረጸችውን እንጨት ይዛ ሚስማሩ ሥር ቆመች። የቡድኑን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ረዝሟት ጣቶቿን ሸፍኗል። እንጨቱን ወደ ሚስማሩ አነሳች። ከዚያ ያቺ የግራ ጫፍ ትዝ አለቻት፤ ላስቲኩ ሲላላ በየዙሩ ዘንበል የምትለዋ።

እንጨቱን አወረደችው። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ እርሳስ አነሳች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ኮድሪን። «አሸንፈሽበት የለም እንዴ?»

«ግራው አሁንም አጥሯል» አለች፣ መስመሩን እያሰመረች። «አንድ ጣት ያህል።»

ቲቸር ከመስኮቱ ጋ ሆነው ሰሟት። መደርደሪያውን ከፍተው ብርጭቆ ወረቀት አወጡ፣ በሁለት ቆርጠው አንዱን እጇ አጠገብ አኖሩላት። ሌላውን ራሳቸው ያዙና ከፊት ለፊቷ ወንበር ሳቡ።